ለእኔ ብቻ ያልተነገረ

ልጄን የወለድኩት አምደወርቅ ጤና ጣቢያ ነው፤ ጂኦግራፊ በማስተምርበት ከተማ። ምጡ የፈራሁትን ያህል አልከበደም። ንጋት ላይ ገባሁ፤ ፀሐይ ግቢው ውስጥ ሞቅ ስትል ልጅቷ ደረቴ ላይ ነበረች። እናቴ እኔን ለማረስ ከሰቆጣ መጥታ ቤቴ ሰንብታ ነበርና በሩ ላይ ቆማ እልልታዋን ለቀቀችው። ባሌ የግብርና ባለሙያ ነው። ያን ጠዋት ከመስክ ሥራው ቀርቶ ግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ ነው ያረፈደው። በመስኮቱ ብቅ ብሎ እኔንና ልጁን ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደበራ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

እንግዴ ልጁም ብዙ ሳይቆይ ወጣ። አዋላጇ ነርስ «ጨርሰሻል፤ አሁን ማረፍ ብቻ ነው» ብላኝ ዕቃዋን ስትሰበስብ ከስሬ ሙቅ ነገር ሲፈስ ተሰማኝ። ውሃ የደፉብኝ መሰለኝና «ውሃ ፈሰሰ» አልኳት። አንሶላውን ገልጣ አየች። ምንም ሳትናገር እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ እንደ ሊጥ ታሸኝ ጀመር። ሌላዋ ነርስ እየሮጠች መጣች። ጭኔ ላይ መርፌ ወጉኝ፣ ከምላሴ ሥር ክኒን አደረጉልኝ፣ በሁለቱም ክንዴ ግሉኮስ ሰቀሉልኝ።

«ምን ሆንኩ?» አልኩ።

«ማህፀንሽ ከወለድሽ በኋላ ተኮማትሮ ደሙን መዝጋት ነበረበት። እንቢ ብሏል» አለች አዋላጇ፤ እጇ ሳይቆም። «ሰቆጣ እንሄዳለን።»

ከእግሬ እስከ ሆዴ ወፍራም ጨርቅ ጠምጥመው አጥብቀው አሰሩኝና አምቡላንስ ውስጥ አስገቡኝ። አዋላጇ አጠገቤ ተንበርክካ ጡጫዋን እምብርቴ ላይ ተክላ መንገዱን ሙሉ ክብደቷን ጣለችብኝ። የዚያን መንገድ ጠመዝማዛ ለተማሪዎቼ በካርታ ላይ ስንት ጊዜ አሳይቻለሁ። ያን ቀን ግን ከጣሪያው በቀር ያየሁት የለም። መኪናው ሲዘል አዋላጇ ትወድቅና ተመልሳ እዚያው ቦታ ላይ ትጫነኛለች። እናቴ ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፍና ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ባሌ ከፊት ከሾፌሩ ጋር ሆኖ በየኩርባው ዞር እያለ «አለች? ትሰማለች?» ይላል። በጣም በረደኝ። ከዚያ ብርዱም ተወኝና እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። አዋላጇ በጥፊ መታችኝ። ማንም በፍቅር እንዲህ አድርጎ መቶኝ አያውቅም።

ሆስፒታል ስንደርስ እንዴት ከመኪና እንዳወረዱኝ አላውቅም። የማስታውሰው ከላዬ ያለውን ትልቅ መብራትና ከራስጌዬ የተጎነበሰውን ሰው ነው። ጭምብሉ ፊቱን ሸፍኖታል፤ የሚታዩኝ ዓይኖቹና ሽበት የጣለበት ቅንድቡ ብቻ ናቸው። የሰመመን ባለሙያው ነበር።

«እህቴ፣ እኔን እዪኝ» አለኝ። «አሁን አስተኛሻለሁ። ደሙን እስክናቆም እኔ ከዚህች ቦታ አልነቃነቅም።»

«ልጄስ?»

«እናትሽ ጋ ናት። ስታለቅስ ሰምቻታለሁ፤ ደህና ጉሮሮ አላት።»

አፍና አፍንጫዬ ላይ ጭምብል አደረገልኝ። «በደንብ ሳቢ» አለኝ። ሳብኩ። መብራቱ እየሰፋ ሄደ፤ ከዚያ ጣሪያው ራሱ ብርሃን ሆኖ ከላዬ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ስነቃ ጉሮሮዬ ተቦጫጭሮ ነበር። ድምፄ የእኔ አይመስልም። ሆዴ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ክንዴ ላይ ደም እየገባ ነው። እናቴ እጄን ይዛ ታለቅሳለች። ባሌ ከግርጌዬ ቆሟል፤ እጅጌው እስከ ክርኑ ተሰብስቦ ክንዱ ላይ ጥጥ ተለጥፎበታል። ታናሽ እህቴም መጥታለች። እሷ የምትኖረው ሰቆጣ ነው፤ ሰምታ ሮጣ ደም ሰጥታኝ ነበር።

«ለምን ቀደዱኝ?» አልኩ፤ በሹክሹክታ።

«ደሙን ለማቆም ነው» አለ ባሌ። «ቆሟል። አትናገሪ፣ እረፊ።»

ይህ እውነት ነበር። በኋላ ላይ ደጋግሜ ሳስበው፣ ካለኝ ሁሉ እውነት የነበረው ይኸው ነው።

በማግስቱ ይሁን በሦስተኛው ቀን ቀዶ ሐኪሙ ከተማሪዎቹ ጋር አልጋዬ አጠገብ ቆሞ በእንግሊዝኛ አወራ። ከመካከል አንድ ረጅም ቃል ደጋገመ። ወደ እኔ ዞሮ «ባለቤትሽ ስለ ኦፕራሲዮኑ ነግሮሻል አይደል?» አለኝ። «አዎ፣ ነግሮኛል» አልኩት። «አይዞሽ፣ ጠንካራ ነሽ» ብሎኝ ትከሻዬን ነካ አድርጎ አለፈ። ባሌን ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት። «ደም ማቆሚያ ኦፕራሲዮን ማለት ነው» አለኝ። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የደስታ እንባዋን የደበቀችኝ መሰለኝ።

አምደወርቅ ተመለስን። እናቴ እስከ ክርስትናው ቆየች። ገንፎውን፣ ሾርባውን፣ ተልባውን ሁሉ በራሷ እጅ ታቀርብልኛለች፤ ቀና ብዬ ደረጃ ስወጣ እንኳ ከኋላዬ አትለይም። ልጄ ጡቴን አልጠላችም፤ ወተቱ ቀጭን ቢሆንም አጠባኋት። የወር አበባዬ አለመምጣቱን ከማጥባቴ ቆጠርኩት። ሁሉም ሴት እንደዚያ ነው የሚለው።

ልጄን ጡት ሳስጥል ግን ምንም አልመጣም። ወሩ አለፈ፤ ሌላውም አለፈ። ለባሌ ነገርኩት።

«ያን ሁሉ ደም ፈሶሽ?» አለኝ። «ሰውነትሽ እስኪተካው ጊዜ ይፈልጋል።»

«ሰቆጣ ሄጄ ልታይ።»

«እኔ ለሥራ ስሄድ ሐኪሙን አነጋግርልሻለሁ። ምን ያንከራትትሻል።»

ሄዶ ተመለሰ። የደም ማነስ ክኒን ይዞልኝ መጣ። «ሐኪሙን አገኘሁት» አለኝ፤ ጫማውን እያወለቀ። «ታስታውሳታለህ ወይ ስለው ሳቀ። እንዴት እረሳታለሁ አለኝ። ይህን ትውሰድ፣ ትዕግሥት ነው የሚያስፈልጋት አለ።» ሐኪሙ እንዴት እንደሳቀ ሳይቀር ነው የነገረኝ። ክኒኑን በየቀኑ ዋጥኩ። ሆዴን ያደርቀኝ ነበር፤ ቢሆንም አንድ ቀን አላቋረጥኩም። ሲያልቅ ሌላ አመጣልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር። በየወሩ መጨረሻ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ «መጣ?» ይለኛል። «አልመጣም» እለዋለሁ። «ይመጣል» ይለኛል፤ ጀርባዬን ይዳብሰኛል። እኔም ምን ያህል የታደልኩ ሴት ነኝ እያልኩ እተኛ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ባሎች ስለዚህ ነገር አይጠይቁም።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ጋ ሄድኩ። ከሰቆጣ ራቅ ብሎ ገደል ሥር ወደሚገኝ ጠበል አብረን ወረድን። መሄዱን ያነሣሁት እኔ ነኝ። እናቴ ጉልበቷ ስለሚያማት ላስቀራት ብል «አልቀርም» አለች። ውሃው ከአለቱ ሥር ሲወርድብኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተሳልኩ። ወንድ ልጅ ብትሰጪኝ ለቤተ ክርስቲያንሽ መጋረጃ አገባለሁ፣ ልጁንም እዚሁ አመጣዋለሁ ብዬ እመቤታችንን ለመንኳት። እናቴ ከአጠገቤ ቆማ «አሜን» አለች። ከዚያ ስንመለስ ዳገቱ ላይ እያረፍን ለልጁ ያሰብኩትን ስም ነገርኳት። «ጥሩ ስም ነው» አለችኝ።

እህቴ ያን ጊዜ አርግዛ ነበር። አልነገረችኝም። ሆዷ ከወጣ በኋላ ነው ከሌላ ሰው የሰማሁት። ደውዬ ስቆጣት «ዓይን ፈርቼ ነው» አለችኝ። የእኔን ዓይን? ትንሽ ከፋኝ፤ ግን የመጀመሪያ እርግዝና ያስፈራል ብዬ ተውኩት።

መውለጃዋ ሲደርስ ሕፃኑ ራሱን ወደ ታች ሳያዞር እንደተቀመጠ መሆኑ ታወቀና በቀዶ ጥገና እንድትወልድ ቀጠሯት። ፈቃድ ጠይቄ ሰቆጣ መጣሁ። ልጄን ከባሌ ጋር ተውኳት። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባለው ከሰዓት በኋላ እህቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ፀጉሯን እየሠራሁላት ሳለሁ የሰመመን ባለሙያው ነገ የሚተኙትን ለማየት ገባ። ጭምብል አላደረገም፤ ቅንድቡን ግን አወቅኩት።

እህቴን ረጋ ብሎ ጠየቃት። ቀደም ብሎ ሰመመን ወስዳ ታውቅ እንደሆነ፣ የሚያሳክካት መድኃኒት ይኖር እንደሆነ፣ የተነቃነቀ ጥርስ እንዳላት። «ከወገብሽ በታች ብቻ ነው የማደነዝዝሽ» አላት። «ልጅሽ ሲያለቅስ ራስሽ ትሰሚያለሽ።» ሲወጣ ተከተልኩት። ኮሪደሩ ላይ ጠርቼ አቆምኩትና ማን እንደሆንኩ ነገርኩት።

ትንሽ አየኝ፤ ከዚያ ሁለቱን እጆቼን ያዘ። «የአምደወርቋ አስተማሪ» አለ። «ልጅሽስ?»

«ትናገራለች፣ ትዘፍናለች። ያሉት ጉሮሮ እውነት ነው።»

ሳቀ። እኔም ደስ ብሎኝ ስለነበር ሳላስብ ተናገርኩ። «የሚቀጥለውን ስወልድ እርስዎ እንዲኖሩልኝ ነው የምለምነው» አልኩት። «ገና አልያዘልኝም፤ ደሜ እስኪመለስ እየጠበቅኩ ነው። ጊዜው ሲደርስ ግን ሌላ ሰው አላምንም።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። እጆቼን አልለቀቀም።

«የሚቀጥለውን?» አለኝ።

«አዎ።»

«እህቴ፣ ምን ብለው ነው የነገሩሽ?»

«ስለ ምን?»

ዙሪያውን አየና የአንድ ባዶ ክፍል በር ከፍቶ አስገባኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ እሱም ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ያኔ ሳላውቀው አወቅኩት። ሰው መጥፎ ነገር ሊነግርሽ ሲል ነው እንደዚያ አስተካክሎ የሚያስቀምጥሽ።

«ማህፀንሽ ወጥቷል» አለኝ። «ያን ቀን። እኛ ነን ያወጣነው።»

የተናገርኩት ትዝ የሚለኝ «ሐኪሙ ክኒን ልኮልኛል» ማለቴ ብቻ ነው። ሐኪሙ ከተዛወረ መቆየቱን ነገረኝ፤ ባሌ ክኒኑን አመጣሁ ካለበት ጊዜ በፊት። «ሐኪሙ 'ነግረዋታል፣ ራሷ ነግራኛለች' ብሎኝ ነበር» አለ። እኔም «አዎ፣ ነግሮኛል» ያልኩበት ቀን ትዝ አለኝ።

«ሁሉንም ይንገሩኝ» አልኩት። «ምንም ሳያስቀሩ።»

ነገረኝ። ስደርስ የደም ግፊቴ በመሣሪያው አልገኝ ብሎ ነበር። ለእህቴ የሚሰጣትን ዓይነት የወገብ ማደንዘዣ ቢሰጠኝ የቀረችውንም ግፊት ስለሚጥላት ሙሉ ሰመመን መረጠ፤ ልብን የማያደክመውን መድኃኒት፣ እሱንም ቀንሶ። ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ አስገብቶ እሱ ነበር የሚተነፍስልኝ። ቀዶ ሐኪሙ ማህፀኔን በስፌት ጨምድዶ አሰረው። ጥቂት ያዘ፣ ከዚያ ተመልሶ ላላ። ሆስፒታሉ ውስጥ የነበረው ደም አለቀ። ባሌ ሰጠ፣ እህቴ ሰጠች፣ ሌላም የማላውቀው ሰው ሰጠ። እሱ የደሙን ከረጢት በእጁ እየጨመቀ ያስገባል፤ ከታች ደግሞ ይወጣል። ሰውነቴ ቀዝቅዞ ነበር፤ ያገኙትን ብርድ ልብስ ሁሉ አለበሱኝ። ኋላ ላይ ደሜ መርጋት አቆመ። መርፌ ከተወጋሁበት ቀዳዳ ሁሉ ይንጠባጠብ ጀመር።

«ያኔ ለሐኪሙ 'ከዚህ በላይ ልይዛት አልችልም' ያልኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «እሱ አንድ ሙከራ ሊጨምር ፈልጎ ነበር። የመጀመሪያ ልጅሽ መሆኑን ያውቃል። እኔ ጊዜ የለም አልኩት። ስለዚህ ወጥቶ ባልሽን ጠየቀው። ባልሽም 'እሷን አትርፉልኝ' አለ። ልትቆጪ የሚገባሽ ሰው ካለ፣ እኔ እዚህ ነኝ።»

አልተቆጣሁትም። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለውን ሰው ለመቆጣት ምክንያት ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። ነፍሴን በእጁ እየጨመቀ ያቆያት ሰው ነው፤ ስጠይቀውም እውነቱን ነገረኝ። ባሌም «እሷን አትርፉልኝ» ማለቱ ልክ ነው። እኔ ብጠየቅም ያንኑ እል ነበር። ማህፀኔ በመውጣቱ አላለቀስኩም፤ ቢያንስ ያን ቀን። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። መጋረጃውን የተሳልኩበት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር።

እናቴ ግቢው ውስጥ ከሌሎች አስታማሚዎች ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። አስነሥቼ ከሰዎቹ ራቅ አደረግኳት። እኔና እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የምናወራው በኽምጥኛ ነው። አማርኛ ለቢሮና ለእንግዳ ነው የምታወጣው። በኽምጥኛ ጠየቅኳት።

«እማ፣ ማህፀኔ እንደወጣ ታውቂ ነበር?»

አየችኝ። ዓይኗን አልሰበረችም።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ። በአማርኛ።

ከሰማሁት ሁሉ ያ የበለጠ ገደለኝ። እንደ እንግዳ ነው የመለሰችልኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን። ባልሽ ከበሩ ሲመለስ ነገረን።» ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «እንደ ወረቀት ነጥተሽ ነበር። ብንነግርሽ ትሞቻለሽ ብዬ ፈራሁ። ስትጠነክሪ ይነግርሻል ብዬ ተስማማሁ። ከዚያ አንቺ ስትደሰቺ፣ ልጅሽን ስታጫውቺ፣ ዛሬ ይቅር ነገ እያልን ...»

«ጠበሉ ጋ ስሳል 'አሜን' ብለሻል።»

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠመዘዘች።

«ስሙን ስነግርሽ 'ጥሩ ስም ነው' ብለሻል።»

«እግዚአብሔር የሚሳነው የለም ብዬ ነው» አለች። ምናልባት እውነቷን ነው። አሁንም ድረስ ይህን ዓረፍተ ነገር የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። ያን ቀን ግን እጇን ልትይዘኝ ስትዘረጋ ወደ ኋላ አልኩ። እናቴን በሕይወቴ እንዲያ አድርጌያት አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እህቴን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲያስገቧት አብሬያት እስከ በሩ ሄድኩ። አንድም ቃል አልተነፈስኩላትም፤ የምትቀደድ ሴት ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር አይወረወርም። እናቴና እኔ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ በሁለቱ ጫፍ ተቀመጥን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም እንነሣለን። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰማን። የሰመመን ባለሙያው ብቅ ብሎ ለእኔ «ደህና ናት፤ ማህፀኗ ጠንክሯል፤ ደሟ ትንሽ ነው» አለኝ። ለእኔ ብሎ መውጣቱ ገባኝ።

እህቴ ወደ ክፍሏ ስትመለስ እግሯ ገና አይነቃነቅም ነበር። ወንድ ልጅ ወልዳለች። ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወደ እኔ ልትዘረጋው ፈራች። ወስጄ አቀፍኩት። ከባድ ልጅ ነው።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

እናታችን ነግራት ይሆናል፤ ወይም ከፊቴ አነበበችው። «ደም የሰጠሁ ቀን ነው ያወቅኩት» አለች። «ሆዴ ሲገፋ ፊትሽ እንዴት እንደምቆም ጠፋኝ። ዓይን ፈራሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

«እኔን ፈራሽ።»

«አንቺን አይደለም። የምትጠይቂኝን ነው።»

እህቴን ቶሎ ይቅር አልኳት። ለምን እሷን ብቻ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ውሸቷን ራሷ በስሙ ስለጠራችው ይሆናል።

ባሌ በሦስተኛው ቀን ልጃችንን ይዞ በሚኒባስ መጣ። እህቴን እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል ነው። ልጅቷን ለእናቴ ሰጠሁና ከግቢው ወጥተን በአስፋልቱ ዳር ሄድን። ባጃጆች ያልፉናል። ነገሩ ከፊቴ የገባው ገና ከሚኒባሱ ሲወርድ ነው፤ ሆኖም እኔ እስክጀምር ጠበቀ።

«ክኒኑን ከየት ነው ያመጣኸው?»

ቆመ። «ከፋርማሲ» አለ።

«ማንን አነጋግረህ?»

«ማንንም።»

«ሐኪሙ ሳቀ ብለኸኛል።»

አንገቱን አቀርቅሮ በጫማው ጫፍ ጠጠር ይገፋል። ከዚያ መናገር ጀመረ። የመጀመሪያው ሳምንት በጣም ደካማ ስለነበርኩ እንደሆነ፤ ሐኪሙ ሲጠይቀኝ «ነግሮኛል» ስል ክፍሉ ውስጥ እንደነበረና ያኔ አፉን መክፈት ሲገባው ዝም እንዳለ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቀን ካለፈው የባሰ እየከበደው እንደሄደ። ትቶኝ ይሄዳል ብዬ እንዳልሰጋ አስቦ እንደሆነም ተናገረ።

«ለእኔ አዝነህ ነው» አልኩት።

«አዎ።»

«ታዲያ በየወሩ 'መጣ?' እያልክ ለምን ትጠይቀኝ ነበር?»

የሚለው ነገር እንዲያገኝ ረጅም ጊዜ ሰጠሁት። ሰዎች በአጠገባችን ያልፋሉ፤ አንዱ የሚያውቀው ሰው ሰላም አለው፤ እሱም ጎንበስ ብሎ አጸፋውን መለሰ። ወደ እኔ ሲዞር ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ካልጠየቅኩሽ ትጠረጥሪያለሽ ብዬ ነው» አለኝ።

ሌላውን ሁሉ እንደ ፍርሃት ልቆጥረው እችል ነበር። ሰው ይፈራል፤ አፉ ይታሰራል። ይህኛው ግን ታስቦበት የተሠራ ነው። ጀርባዬን የዳበሰኝ እጅ፣ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ከሌሎች ባሎች ሁሉ የለየሁት ደግነት፣ እኔን ለመጠበቅ የቆመ ዘበኛ ነበር። ያን ማታ እሱ አምደወርቅ ብቻውን ተመለሰ። እኔና ልጄ እህቴ ቤት ሰነበትን።

ተመልሼ ከእሱ ጋር መኖር ጀምሬያለሁ። ሰዎች ሽማግሌ ሆነው መጡ፤ የመጡት ሰዎች ሁሉ ነገሩን ከእኔ በፊት ያውቁት እንደነበር ስገነዘብ ደግሞ ሌላ ቁጣ ያዘኝ። በመጨረሻ የተመለስኩት ለሽማግሌዎቹ ብዬ አይደለም። ልጄ አባቷን ትጠራ ስለነበርና ሥራዬም እዚያ ስለነበር ነው። እሱ ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር አልደበቀኝም፤ እስከማውቀው ድረስ። ስለ ደመወዙ፣ ስለ ስብሰባው፣ ማን እንዳናደደው ሳይቀር ሳልጠይቀው ይነግረኛል። እናቴም በኽምጥኛ ነው የምታናግረኝ። ስትመጣ አቀርብላታለሁ፤ ስትሄድ እሸኛታለሁ። የተሳልኩትን መጋረጃ ለቤተ ክርስቲያኗ አስገባሁ። ለምን እንዳስገባሁ ቄሱ አልጠየቁኝም።

ያጣሁት ነገር ትንሽ ይመስላል። ወተቱ ፈልቷል ሲሉኝ ክዳኑን አነሣለሁ። ባሌ «በሩን ቆልፌዋለሁ» ሲለኝ እንቅልፍ እንደወሰደው አረጋግጬ ተነሥቼ እነካዋለሁ። ተማሪዎቼ «አሞኝ ነው የቀረሁት» ሲሉኝ ድሮ አምናቸው ነበር። አሁን ወላጆቻቸው ጋ እደውላለሁ፤ እነሱንም አላምናቸውም።

በቅርቡ ለመምህራን ስልጠና ሰቆጣ ሄጄ ነበር። በሁለተኛው ቀን ባሌ ደወለልኝና ልጃችን ትኩሳት ይዟት እንዳደረች፣ ጤና ጣቢያ ወስዶ መድኃኒት እንዳሰጣት ነገረኝ። «አሁን ለቋታል። ግቢ ውስጥ እየተጫወተች ነው» አለኝ። ወደ ስልኩ እንዲያቀርባት ጠየቅኩት። «ወጥታለች፣ ልጥራት?» አለኝ። «ተዋት» አልኩት። ለጎረቤታችን ደወልኩ፤ አላነሣችም። ደግሜ ደወልኩ። ከዚያ ቦርሳዬን አንሥቼ ከስልጠናው ወጣሁና መናኸሪያ ሄድኩ።

አምደወርቅ ስደርስ ልጄ ግቢው ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር በእርግጥም እየተጫወተች ነበር። ግንባሯን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ባሌ ከቤት ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ። ቦርሳዬን አየ፣ እጄን ልጄ ግንባር ላይ አየ።

«ስልጠናው ቀድሞ አለቀ» አልኩት።

«ደግ» አለኝ። «ግቢ፣ ሽሮ ሠርቻለሁ።»

አምኖኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። አልጠየቅኩትም። ልጄን አቅፌ ገባሁ።